የአንባቢያን ጥያቄ፦ አይጥ ውስጥ የሚያድግ የሰው ደም

ስለ መቅኒ ንቅለ ተከላ ባወጣነው ጽሑፍ መነሻነት ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ከሰው የተወሰደ ግንድ ህዋስ፣ ስቴም ሴል የሚባለው፣ አይጥ ውስጥ ገብቶ የሰው በሽታ ተከላካይ ህዋሳትን የሚያፈራው እንዴት ነው? ተመሳሳዮቹን አዋህደን መልስ ሰጥተናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት እንደሚያስወግድ ተምረናል። ታዲያ የሰው ህዋስ አይጥ ውስጥ እንዴት ይኖራል?»
የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሽምብጥ

ተራ አይጥ ውስጥማ አይኖርም፤ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። የሚኖረው ከሦስት ዘቦች ሁለቱ በተነሱላት፣ ሦስተኛውም የሰውን ህዋስ በሚምርባት አይጥ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ዘቦች ቲ እና ቢ የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት ናቸው። በ1983 ፊላደልፊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ደማቸው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሌላቸው አይጦች አገኙ። ምክንያቱ የአንድ ዘረመል ጉድለት ነበር። ቲ እና ቢ ህዋሳት እንግዳን የሚለዩበትን ተቀባይ የሚሠሩት የራሳቸውን ዲኤንኤ ቆርጠው እንደገና በመቀጠል ነው፤ በእነዚህ አይጦች ውስጥ የሚቀጥለው ፕሮቲን ስለማይሠራ ህዋሳቱ ሳይጎለምሱ ይሞታሉ። ይህ ጉድለት ስኪድ ይባላል። ይህን ያዝልን፤ ጨረር ላይ ስንደርስ ይመለሳል።

ሁለተኛዎቹ ዘቦች ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉት ህዋሳት ናቸው። እነዚህን ለማስወገድ ኢንተርሉኪን የሚባሉ የስድስት መልእክተኛ ፕሮቲኖች ተቀባዮች የሚጋሩት ጋማ የሚባል ሰንሰለት ዘረመል ይበላሻል። በዚህ መንገድ በ2002 ጃፓን ውስጥ ኖግ፣ በ2005 አሜሪካ ውስጥ ኤንኤስጂ የተባሉት የአይጥ ዘሮች ይፋ ሆኑ። ዛሬ በዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉት እነሱና ከእነሱ የተገኙት ናቸው።

ሦስተኛው ዘብ ማክሮፋጅ፣ ህዋስ በላው ህዋስ፣ ነው። እሱን ማስወገድ አላስፈለገም። የሰው ህዋስ በላዩ ሲዲ47 የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ትርጉሙ «አትብላኝ» ማለት ነው። የአብዛኞቹ የአይጥ ዘሮች ማክሮፋጅ ይህን የሰው መልእክት በደንብ አያነበውም። ኖድ የሚባለው ዘር ማክሮፋጅ ግን መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮቲን ከሰው ሲዲ47 ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ቅርጽ ስላለው የሰውን ህዋስ ይምራል። ኖግም ኤንኤስጂም የተሠሩት በዚህ ዘር ላይ ነው።

«ለማስተርስ ወደ ውጭ ሄጄ በዚህ ሥራ የተሰማራ ላብራቶሪ እገባለሁ። ከእትብት ደም እስከ አይጧ ያለውን ሂደት ከነቁጥሩ ብታስረዱኝ።»
አንባቢ፣ ጥበበ ግዮን ግቢ

በደንብ የተሰበሰበ የአንድ ወሊድ የእትብት ደም ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የሚፈለጉት ህዋሳት ሲዲ34 የሚባል ምልክት የተሸከሙት ሲሆኑ፣ ከነጠላ ኒውክለስ ህዋሳቱ መካከል ድርሻቸው ብዙ ጊዜ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከአንድ ከረጢት ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ከተገኘ መልካም ነው። ለአንድ ጨቅላ አይጥ የሚሰጠው 100,000 ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ ከ10 እስከ 20 አይጥ ይላል፤ እርስዎ ግን ትንሹን ይዘው ያቅዱ፤ በየእርከኑ የሚጠፋ አለ።

ደሙን በእኩል መጠን ቡፈር አቅጥነው፣ እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም በሆነው ፋይኮል በሚባል ፈሳሽ ላይ ሳይደባለቅ ቀስ አድርገው ያንጥፉት። በ400 ጂ፣ ማለትም በመሬት ስበት 400 እጥፍ፣ ለ30 ደቂቃ በክፍል ሙቀት ይሽከርከር፤ የሴንትሪፊውጁ ፍሬን ይጥፋ። ፍሬን ከተያዘ ንብርብሩ ይናወጥና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ብዙ ጀማሪ የሚስተው ጂን ከዙር ጋር ማምታታቱ ነው። የማሽኑ ክንድ ከመሐል እስከ ቱቦው ጫፍ 17 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 400 ጂ ማለት በደቂቃ 1,450 ዙር ገደማ ነው፤ ክንዱ ካጠረ ዙሩ መጨመር አለበት። መሐል ላይ እንደ ስስ ደመና የሚታየውን ነጭ ቀለበት ብቻ ይቅዱ።

ቀጥሎ የሲዲ34 ፀረ እንግዳ አካል የለበሱ የማግኔት ቅንጣቶች ይጨመሩና ህዋሳቱ ማግኔት ውስጥ ባለ ኮለን በሚባል ቱቦ ያልፋሉ። አንድ ጊዜ ማሳለፍ አይበቃም፤ በሁለተኛ ኮለን ይድገሙት። ንጽህናው ከ90 በመቶ በላይ መሆን አለበት። ከንጽህናው ይበልጥ የምንጨነቅበት ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ሲዲ3 ያላቸው፣ ማለትም የበሰሉ ቲ ህዋሳት፣ ከ1 በመቶ በታች መሆናቸው። ከ100,000 ውስጥ 1 በመቶ ማለት 1,000 የበሰለ ቲ ህዋስ ነው። እነሱ መርፌው ውስጥ ገብተው አይጧ ውስጥ ይራባሉ፤ የአይጧንም ሰውነት እንደ ባዕድ ያጠቁታል።

ህዋሱ ከናይትሮጅን ታንክ የሚወጣ ከሆነ 37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ትንሽ የበረዶ ቁራጭ እስኪቀር ብቻ ያቆዩት። ከዚያ ማሳደጊያ ፈሳሹን ጠብ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠበት ህዋሱ ያብጥና ይፈነዳል፤ ከፈነዳው የሚወጣው ዲኤንኤ የተረፉትን እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ጥቂት ዲኤንኤዝ ኤንዛይም ይህን ይከላከላል። የተጣበቀ ጉብታ የአዋቂ አይጥ ጅራት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሳንባ ላይ ይቀረቀርና አይጧ እጅዎ ላይ ትሞታለች፤ ስለዚህ ከመርፌው በፊት በ40 ማይክሮ ሜትር ማጥለያ ያሳልፉት።

አይጧን ማዘጋጀት ቀጥሎ ይመጣል። መቅኒዋ ውስጥ ቦታ እንዲለቀቅ አነስተኛ ጨረር ትወስዳለች፤ ለተወለዱ ከ1 እስከ 3 ቀን ለሆናቸው ጨቅላዎች 1 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ለአዋቂ ኤንኤስጂ ከ2 እስከ 2.4 ግሬይ ገደማ። ለተማሪው የነገርነው የስኪድ ጉድለት እዚህ ላይ ይመለሳል፦ የተቆረጠ ዲኤንኤ መቀጠል የማትችል አይጥ ጨረርንም አትችልም። ተራ አይጥ በቀላሉ የምታልፈው መጠን ኤንኤስጂን ይገድላል። ከጨረሩ ከ4 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ህዋሱ ይሰጥ።

የጨቅላዋ መርፌ ጉበት ላይ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የአይጥ ጉበት ገና ደም እያመረተ ስለሆነ ለሰው ህዋስ ምቹ ጎጆ ይሆናል። ጨቅላዋን ጀርባዋን አስተኝተው ብርሃን ሥር ይያዙ። ቆዳዋ ሮዝና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ በግራ ሆዷ በኩል የጠባችው ወተት እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፤ ከሱ በላይ፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ ያለው ጠቆር ያለ ቀይ ጥላ ጉበቷ ነው። በ30 ጌጅ መርፌ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ቀስ ብለው ይስጡ፤ መርፌውን ከመንቀልዎ በፊት ጥቂት ሰከንድ ይቆዩ፤ አለበለዚያ ፈሳሹ ተመልሶ ይወጣል። ነጩን ነጠብጣብ ከወጉት ጨጓራ ነው የወጉት።

ጨቅላዎቹን ወደ እናታቸው ከመመለስዎ በፊት ጓንትዎን ከጎጇ ባለው ሰጋቱራ ይሹት። ባዕድ ሽታ የሸተታት እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች። የአንድ ወር ሥራ በዚህ ምክንያት በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ማየት የተለመደ ነው።

«ኢንኩቤተራችን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ተስተካክሏል። ነገር ግን የህዋስ ማሳደጊያው ፈሳሽ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ፈሳሹ ነው ወይስ ማሽኑ የተበላሸው?»
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ምናልባት ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ልዩነቱ የከፍታው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን እዚህ 82 አካባቢ ነው። የፈሳሹን ፒኤች የሚወስነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት እንጂ በመቶኛው አይደለም። የ101 ኪሎ ፓስካል 5 በመቶ 5 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ የ82 ደግሞ 4.1 ብቻ። ጋዙ ሲያንስ ፈሳሹ አልካላይን ይሆናል፤ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ያንኑ 5 ኪሎ ፓስካል ለማግኘት ማሽኑን ወደ 6.2 በመቶ ያንሱት።

ከዚያ በቀለም ብቻ አይፍረዱ። ህዋስ የሌለበት ፈሳሽ ክዳኑ ላላ ባለ ሳህን ለ24 ሰዓት ኢንኩቤተሩ ውስጥ ይቆይ፤ እንዳወጡትም በደቂቃ ውስጥ ፒኤቹን ይለኩ። ከ7.2 እስከ 7.4 ካሳየ ተስተካክሏል። የፈሳሹንም ዓይነት ይመልከቱ፦ በሊትር 2 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት ያለው አርፒኤምአይና 3.7 ግራም ያለው ዲኤምኢኤም በአንድ ዓይነት ጋዝ እኩል ፒኤች አይኖራቸውም።

ይኸው ከፍታ በእንፋሎት የሚያመክነውን ማሽን፣ አውቶክሌቩንም፣ ይነካል፤ እዚያ ላይ ጉዳቱ የባሰ ነው። ውኃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአውቶክሌቭ ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ስለሆነ፣ በመመሪያው የተጻፈው 103 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 15 ፒኤስአይ፣ እዚህ ላይ 118 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። 121 ዲግሪ ለመድረስ ጌጁ 123 ኪሎ ፓስካል፣ ወደ 18 ፒኤስአይ፣ ማንበብ አለበት፤ የማሽኑ የግፊት ገደብ የሚፈቅድ ከሆነ። ካልፈቀደ ሰዓቱን ያርዝሙ፤ መምከኑንም የባክቴሪያ ስፖር ባለው መፈተሻ ያረጋግጡ። በሽታ መከላከያ ለሌላት አይጥ ምግቧ፣ ውኃዋና ሰጋቱራዋ ሁሉ በዚህ ማሽን ነው የሚያልፈው። ለሌላው የማያስነጥስ ተህዋስ እሷን ይገድላል።

አይጥ ባይኖራችሁም የግንድ ህዋስን ጥራት እዚሁ መፈተን ይቻላል። ከ500 እስከ 1,000 ሲዲ34 ህዋስ የዕድገት ፕሮቲኖች በተጨመሩበት ሜቲልሴሉሎስ ውስጥ ተበትኖ ለ14 ቀን ይቀመጣል። ሜቲልሴሉሎስ እንደ ተልባ ጭማቂ ይዝለገለጋል፤ በፒፔት ሊለካ አይችልም፤ በስሪንጅና ጫፉ በደነዘዘ ወፍራም መርፌ ነው የሚቀዳው። በ14ኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ስታዩ ነጫጭ ብትን ክምችቶች የነጭ ደም፣ እንደ ወይን ዘለላ የታጨቁት ቀያይ ደግሞ የቀይ ደም ዘሮች ናቸው። ከሳህኑ ጎን የውኃ ሳህን አስቀምጡ፤ ጠርዙ ከደረቀ ቆጠራው ዋጋ የለውም። ይህ ፈተና ግን የሚያሳየው የቅርብ ልጆችን ነው። እውነተኛው ግንድ ህዋስ የሚታወቀው ወራት ቆይቶ አይጥ ውስጥ ደም ሲያመርት ነው። በ1997 ቶሮንቶ ውስጥ በተሠራ ልኬት እንዲህ ያለው ህዋስ በእትብት ደም ከ930,000 ነጠላ ኒውክለስ ህዋሳት አንድ፣ በአዋቂ መቅኒ ከ3 ሚሊዮን አንድ ነበር።

«አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ውጤት ልኮልኝ አብረን እየተነጋገርን ነው። በስድስተኛው ሳምንት ደሟ ውስጥ የሰው ቢ ህዋስ አለ፣ ቲ ህዋስ ግን የለም። ንቅለ ተከላው ከሽፏል ማለት ነው?»
የባዮሎጂ መምህር፣ ፔዳ

አልከሸፈም። እንዲያውም በስድስተኛው ሳምንት ቲ ህዋስ ሞልቶ ቢሆን ነበር የምንደነግጠው። ስለ እነዚህ አይጦች የሚነገር ማንኛውም ውጤት ሳምንቱ ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። በአራተኛው ሳምንት ገደማ ሲዲ45 የሚባለውን የሰው ነጭ ህዋስ ምልክት በደሟ ውስጥ ማየት ይጀመራል። እስከ ስምንተኛው ሳምንት አብዛኛው ቢ ህዋስ ነው፤ ቢ በመቅኒው ውስጥ በቀጥታ ስለሚሠራ ይቀድማል። ቲ ግን ረጅም መንገድ አለው። ቀዳሚው ህዋስ ከመቅኒ ወጥቶ ደረት ውስጥ ወዳለው ታይመስ መግባት አለበት። የእነዚህ አይጦች ታይመስ ገዢ የሌለው ሱቅ ነው፤ ቲ ህዋስ ስላልነበራት ኮስምኖ ቀርቷል። የሰው ቀዳሚ ህዋሳት ሲደርሱ ነው ማደግ የሚጀምረው። ከዚያ ሲዲ4ና ሲዲ8 የሚባሉትን ምልክቶች በአንድነት የሚሸከሙበትን ደረጃ ያልፋሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ይጥላሉ፤ ከዚያ ይወጣሉ። ስለዚህ ቲ ህዋስ በደም ውስጥ በግልጽ የሚታየው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፤ በ16ኛው ሳምንት ድርሻው ይደላደላል። ብዙ ላብራቶሪዎች አንዲትን አይጥ ለሙከራ ብቁ የሚሏት በ12ኛው ሳምንት የሰው ሲዲ45 ድርሻ ከ25 በመቶ በላይ ሲሆን ነው።

ድርሻው የሚሰላው የሰውን ሲዲ45 ለሰውና ለአይጥ ሲዲ45 ድምር በማካፈል ነው። የአይጡን ምልክት ሳይጨምሩ የተሰላ መቶኛ አሳሳች ነው፤ ጓደኛዎን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን። 20 ግራም የምትመዝን አይጥ ደሟ በጠቅላላ 1.5 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮ ሊትር በላይ አይቀዳም፤ ሁለት ሳምንትም ማረፍ አለባት።

በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ቲ ህዋስ በዝቶ ቢታይ ግን ያ የታይመስ ሥራ አይደለም፤ መርፌው ውስጥ ሾልኮ የገባ የበሰለ ቲ ህዋስ ነው። ይህች አይጥ ክብደቷ ይቀንሳል፤ ፀጉሯ ይቆማል፤ ጀርባዋ ይጎብጣል። ክብደቷ 20 በመቶ ከጎደለ ልትሰቃይ አይገባም፤ ያለ ሕመም እንድትሞት ይደረጋል። ልዩነቱን የሚቆርጠው ታይመሱ ነው፦ ሲዲ4ንና ሲዲ8ን ሁለቱንም የያዙ ህዋሳት እዚያ ከበዙ ቲው እዚያው ያደገ ነው፤ ከሌሉ ሾልኮ የገባ ነው።

በ16ኛው ሳምንትም ቢሆን ሙሉ የሰው መከላከያ አለ ማለት አይደለም። ቲ ህዋሱ ያደገው በአይጥ ታይመስ ስለሆነ ያወቀው የአይጧን የቲሹ ምልክት ነው፤ ለዚህ መፍትሔ ተብሎ ኤችኤልኤ የሚባለው የሰው የቲሹ ምልክት ዘረመል የተጨመረባቸው አይጦች ተሠርተዋል። የቢ ህዋሱም ፀረ እንግዳ አካል አብዛኛውን ጊዜ አይጂኤም በሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት ላይ ይቀራል፤ ወደ አይጂጂ መሸጋገሩ ደካማ ነው፤ ጋማ ሰንሰለት በመጥፋቱ የሊምፍ ኖዶቿም አላደጉም። ኒውትሮፊልና ሞኖሳይት ጥቂት ናቸው፤ ጂኤም ሲኤስኤፍና ኢንተርሉኪን 3 የሚባሉት የአይጥ የዕድገት ፕሮቲኖች በሰው ህዋስ ላይ አይሠሩምና። የሰውን ፕሮቲኖች የሚያመርቱ አይጦች ይህን ያሻሽላሉ፤ በ2014 ይፋ የሆነው ሚስተርጂ አንዱ ነው። ግን የበረቱት የሰው ማክሮፋጆች የአይጧን ቀይ ደም ስለሚበሉ ደም ማነስ ዕድሜዋን ያሳጥረዋል። ክትባት በእነዚህ አይጦች ተፈተነ የሚል ዜና ሲያነቡ የትኛው ዘር እንደሆነ ይፈልጉ።

«አዋላጅ ነርስ ነኝ። የእትብት ደም ለምርምር ስጡ ብንባል ምን ማወቅ አለብን?»
አንባቢ፣ ባሕር ዳር

ከሁሉ በፊት የሕፃኑ ድርሻ አይነካ። እትብቱ ቢያንስ 1 ደቂቃ ሳይታሰር መቆየቱ ለሕፃኑ የብረት ክምችት ይጠቅማል፤ ከረጢት እንዲሞላ ተብሎ ቶሎ ማሰር ስህተት ነው። የሚሰበሰበው ከዚያ በኋላ የቀረው ነው፤ ቢያንስም ይነስ።

እትብቱን በአልኮልና በአዮዲን አጽድተው የደም ሥሩን ይውጉ፤ ወፍራሟን ቬይን። ሲፒዲ የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ያለበት ከረጢት ከእትብቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ እየተሞላ ሳለ ቀስ ብለው ያወዛውዙት። ካልተወዛወዘ ይረጋል፤ የረጋ ደም ደግሞ ግንድ ህዋሱን ይዞ ይቀራል። ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ በክፍል ሙቀት፣ በተቻለ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ።

ፈቃዱ ምጥ ሳይጀምር፣ በቅድመ ወሊድ ክትትል ጊዜ ይጠየቅ። በምጥ ላይ ያለች እናት «እሺ» ብትል ፈቃድ አይባልም። እንግዴ ልጁን ቤተሰቡ ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ከሆነ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሙሉውን መመለስ ይቻላል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯት።

«የሰው ህዋስ የገባባት አይጥ ከሰው ጋር ተቀላቅላለች አይባልም ወይ? ልጆቿስ?»
አንድ አባት፣ ዘጌ

አባታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። የሚሰጣት የደም ግንድ ህዋስ ብቻ ነው፤ ከእሱ የሚወጣውም የደምና የመከላከያ ህዋስ ነው። አእምሮዋ፣ ልቧ፣ ቆዳዋ የአይጥ ነው። እንቁላሏና ዘሯም የአይጥ ስለሆነ ብትወልድ ልጆቿ የሰው ደም አይወርሱም። ይልቅ ብዙ የሚያከራክረው የህዋሱ ምንጭ ነው። በ2006 የታወቀው አንድ ዘዴ ከጽንስ የተወሰደ የታይመስና የጉበት ቲሹ ይጠቀማል፤ ከላይ የገለጽነው የእትብት ደም ግን ከወሊድ በኋላ የሚጣለው ነው።

«ጣና ዳር ወባ አልለቀቀንም። እነዚህ አይጦች ለወባ ምርምር ይሆናሉ?»
አንባቢ፣ ጎርጎራ

በግንድ ህዋስ ብቻ አይሆኑም። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ተውሳክ የሚኖረው በሰው ቀይ ደም ውስጥ ነው፤ የአይጧ ማክሮፋጆች ደግሞ የሰውን ቀይ ደም ከነጭ ህዋሱ ይልቅ አጥብቀው ያጠፉታል፤ ስለዚህ ግንድ ህዋሱ ሥራውን ቢሠራም ደሟ ውስጥ የሰው ቀይ ደም አይገኝም። ተመራማሪዎች ይህን የሚያልፉት የታጠበ የሰው ቀይ ደም በየዕለቱ ወይም በየሁለት ቀኑ በመርፌ እየሰጡ ነው። ከትንኝ የሚመጣውን የጉበት ደረጃ ለማጥናት ደግሞ የራሷ ጉበት ተዳክሞ የሰው የጉበት ህዋስ የተተከለባት ሌላ አይጥ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሲጣመሩ ተውሳኩን ከጉበት እስከ ደም መከታተል ይቻላል፤ አዳዲስ የወባ መድኃኒቶችም በዚህ መንገድ ይፈተናሉ።